ከደመወዜ ለፖለቲካ የሚቆረጠውን ማስቆም እችላለሁ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። በየቼኩ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) መዋጮ ይቆረጥብኛል። እሱን አልቃወምም፤ ኢንሹራንሱም ጭማሪውም በዩኒየኑ ድርድር ነው የመጣው። ሰሞኑን ግን ፔይስታቤን ሳይ ከመዋጮው ሥር ሌላ ትንሽ ተቀናሽ አለ። ብጠይቅ ለፖለቲካ ነው አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ባገኘሁት ገንዘብ የማልደግፈው ሰው እንዲመረጥበት አልፈልግም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ «ከ2018 ወዲህ ማንም የመክፈል ግዴታ የለበትም» ትላለች። እውነት ነው? ከዩኒየኑ ሳልወጣስ ይሄን ብቻ ማስቆም እችላለሁ?

የፔሮል ሰው፦
ልጅቷ የሰማችው የጃነስን ውሳኔ ነው። ጃነስ ለዩኒየን አልከፍልም ብሎ የተሟገተ የኢሊኖይ ስቴት ሠራተኛ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለእሱ የፈረደው 5 ለ4 ነው። ውሳኔው ግን የመንግሥት ሠራተኞችን ብቻ ይመለከታል፤ አንቺ የግል ነሽ። በግሉ ዘርፍ የሚሠራው የ1988ቱ የቤክ ውሳኔ ነው። አባል ያልሆነ ሠራተኛ ለድርድር ከሚወጣው ውጪ ያለውን ወጪ አልከፍልም ማለት ይችላል። ልብ በዪ፣ አባል ያልሆነ ነው ያልኩት።

የቀድሞ ተወካይ፦
እህቴ፣ አትውጪ። መውጣትም አያስፈልግሽም።

ሁለቱ ገንዘቦች የተለያዩ ናቸው። በፌዴራል ሕግ ዩኒየን ከመዋጮ ካዝናው አውጥቶ ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ዕጩ መስጠት አይችልም። ለዚያ የሚውለው ለብቻው የሚቀመጥ፣ በፈቃድ የሚዋጣ ገንዘብ ነው። ያየሽው ትንሹ ተቀናሽ እሱ ይመስለኛል። አልሰጥም ብትዪ ማንም ሊቀጣሽ አይችልም። ምናልባት ስትቀጠሪ ከፈረምሽው የወረቀት ክምር ውስጥ አንዱ የእሱ ፈቃድ ይሆናል። አዲስ ሰው ሲገባ ያንን ወረቀት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው መኖር አለበት። እኔ የዩኒየን ተወካይ ሳለሁ ሳላስረዳ ማንንም አላስፈርምም ነበር።

ሙሉውን እውነት ልንገርሽና፣ ከዋናው መዋጮም ለሎቢ (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት)፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ዩኒየኑ በራሱ ለሚያሠራው የምርጫ ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል። ስንት እንደወጣ ማየት ከፈለግሽ ትልልቅ ዩኒየኖች በየዓመቱ ለሌበር ዲፓርትመንት ኤልኤም-2 የሚባል ሪፖርት ያስገባሉ። ለማንም ክፍት ነው። አንብቢውና ስብሰባ ላይ ጠይቂያቸው። አባል ስትሆኚ ነው ድምፅ ያለሽ።

የፔሮል ሰው፦
ለዚህ እኮ ነው ለፖለቲካ የሚውለው በየዓመቱ በጽሑፍ ይፈቀድ የሚባለው። ምን ክፋት አለው?

የቀድሞ ተወካይ፦
ፈቃድ መጠየቁን እኔም እደግፋለሁ። ግን ዊስኮንሲን በ2011፣ ፍሎሪዳ በ2023 ያወጡትን ሕግ እይ። የመንግሥት ሠራተኛው ፈቅዶ እንኳ መዋጮው ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ነው የከለከሉት፤ ዋናውን መዋጮ! ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን አልተነኩም። የሠራተኛውን ኪስ ለመጠበቅ ከሆነ የአስተማሪው ኪስ ከፖሊሱ በምን ተለየ? በካሊፎርኒያም ለፖለቲካ የሚውለውን ተቀናሽ የሚገድብ ሕግ በ1998፣ በ2005 እና በ2012 በተለያየ መልክ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሦስቴም ወድቋል።

የሌሊት ፈረቃ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ለማን ነው የማስገባው?

የፔሮል ሰው፦
ለዩኒየኑ፣ ግልባጩን ለፔሮል። የፖለቲካውን ፈንድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ጻፊ፤ አለዚያ ዋናውንም ያቆማሉ። የሁለቱንም ቅጂ ያዢ፣ የሚቀጥለውንም ቼክሽን እዪ።