«አምስት ሳንቲም አይወጣም» ያላችሁ እስቲ ኑ

ሒሳብ_አዋቂ፦ ትናንት አንዱ «የብሔራዊ በዓል ወጪ በስፖንሰር ይሸፈን፤ ከግብር ከፋዩ አምስት ሳንቲም አይወጣም» ብሎ ጻፈ፤ ሰዉም በላይክ አንበሸበሸው። ስፖንሰር የሚከፍለው ስሙ ለሚታይበት ነው፤ ለርችት፣ ለመድረክ፣ ለዘፋኝ። ለፖሊስ ትርፍ ሰዓት፣ ለብረት አጥር፣ ለተንቀሳቃሽ መጸዳጃና ለማግስቱ ጽዳት ማን ተሰልፎ ያውቃል?

ነፃ_ገበያ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። የኒውዮርክን የጁላይ 4 (የአሜሪካ የነፃነት ቀን) ርችት ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያቀርበው ሜሲስ የሚባለው የመደብር ድርጅት ነው። እናንተ የምትመኙት፣ መንግሥት የሚከፍልበት በዓል ደግሞ በ2019 ዋሽንግተን ላይ ታየ፤ ታንክና ጄት ተጨምሮበት ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ!

ሒሳብ_አዋቂ፦ «አምስት ሳንቲም» ነው ያልከው። መንገዱን የሚዘጋው ፖሊስ የሚከፈለው ከሜሲስ ነው?

ነፃ_ገበያ፦ ፖሊስ በዓል ባይኖርም ደመወዝ አለው።

ሒሳብ_አዋቂ፦ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት አንድ ናቸው? እሺ ጌታዬ 😀

ርችተኛ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ መመዘኛ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳ.ሜ. የርችት ኳስ ስፋት 21 ሜትር ያህል ከሰው ነፃ ይሆናል። ኳሱ 15 ሳ.ሜ. ከሆነ 130 ሜትር ገደማ ዙሪያውን ይዘጋል። ስፖንሰሩ ለመታየት ብሎ ኳሱን ባሳደገ ቁጥር አጥሩም ጥበቃውም ይሰፋል፤ ያ ደግሞ የከተማው ዕዳ ነው።

ነፃ_ገበያ፦ አንተ ደግሞ ርችት ከተነሳ አትተኛም። የአሜሪካዋ ሳንዲዬጎ ከተማ ርችት በ2012 ምን እንደሆነ ንገራቸው እንጂ።

ርችተኛ፦ ዋናውና መጠባበቂያው የኮምፒውተር ፋይል ተደራርበው ከሩብ ሰዓት በላይ የታሰበው ትዕይንት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ስህተቱ የፋይል ነው፤ ከከፋዩ ጋር ምን አገናኘው?

የሰልፍ_ወዳጅ፦ ከርችት ውጪ በዓል የለም እንዴ? ኖርዌይ ሜይ 17ን፣ የ1814ቱን ሕገ መንግሥት፣ የምታከብረው በዋናነት በልጆች ሰልፍ ነው። የትምህርት ቤት ማርሽ ባንዶች ለመለዮና ለመሣሪያ ወላጆች አሮጌ ዕቃ ሰብስበው ይሸጣሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ።

ሌላው_ወገን፦ ሁላችሁም ማን ይክፈል ትላላችሁ፤ ማን ያክብር የሚል ጠፋ። አውስትራሊያ ጃንዋሪ 26ን የምታከብረው በ1788ቱ የእንግሊዞች መምጣት ነው፤ ብዙ ነባር ሕዝቦች የወረራ ቀን ይሉታል፣ በ1938ም ሐዘን ብለው አስበውታል። ግብሩ ግን ከእነሱም ይሰበሰባል።

ነፃ_ገበያ፦ ለእኔ መሰከርክ! የወደደ ድርጅት ይክፈል፣ ያልወደደ አይገደድ። ጽዳቱም ከሆነ የከበዳችሁ፣ ፈቃድ ሲወስድ መያዣ ያስይዝ፤ ካላጸዳ ይወረስበት።

ሒሳብ_አዋቂ፦ ጽዳቱ ይሁንልህ። ትርፍ ሰዓቱንና አጥሩንም ስትጨምርበት ስፖንሰሩ እግሬ አውጪኝ ይላል። ያኔ ማን ሊከፍል ነው?