ሞተር ሳይክሌ ውሃ ገባበት! ለሕንድ መንገድ የቱን ልግዛ? አስቸኳይ

የቪዛጉ፦ ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ያለሁት ሕንድ፣ ቪዛግ (ቪሻካፓትናም) ነው። ትናንት ማታ በዝናብ ስመለስ ድልድይ ስር የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ገባሁ። መሃል ላይ ስትደርስ ጠፋች፣ ከዚያ ወዲህ አልነሳ ብላለች። እግሬ እስኪዝል ረገጥኳት። አሮጌ ናት፣ በቃኝ። ነገ ከሰዓት አንድ ሰው ያገለገለ ስኩተር በ35 ሺህ ሩፒ ሊያሳየኝ ነው። ከምኖርበት ሰፈር ከጋጁዋካ እስከ አንድራ ዩኒቨርሲቲ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ልግዛው ወይስ ሌላ ልፈልግ?

ካንዴላ፦ መጀመሪያ መርገጥህን አቁም! ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ (ቢዬላው) ይጣመማል። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ ፍታ። ካንዴላው ወጥቶ እያለ ብቻ ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ውሃው ይተፋል። የአየር ማጣሪያውን አድርቅ። ዘይቱን እየው፦ ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ ቀይረው።

የቦሌ ልጅ፦ ላም ሲያይ ራሱ የሚቆም ሞተር ግዛ 😂

ሐይቅ ዳር፦ ላም አስፋልት ላይ ስትተኛ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ይልቅ እዚያ በግራ መነዳቱ ነው የሚያደናግረው።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ ታሪኩን ካላወቅህ ምርጫህ አይሰምርም። የሕንዱ ሄሮና የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጣምረው ትንንሽ፣ ቤንዚን የማይበሉ ሞተሮች መሥራት ጀመሩ። ስፕሌንደር የሚባለው ሞተራቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ኩባንያዎቹ ከተለያዩም በኋላ ስፕሌንደር በሄሮ ስም ቀጥሏል። መቶ ሲሲ አይሞላም፣ ክብደቱ 112 ኪሎ አካባቢ ነው። ገጠር ብትሄድ እንኳ የሚጠግነው ሰው አታጣም። መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። ይህን ሁሉ የምነግርህ እናንተ ወጣቶች መልክ ብቻ ስለምታዩ ነው።

ቡሌት ወዳጅ፦ ሮያል ኤንፊልድ ግዛ፣ ሰው ያስመስልሃል።

ሐይቅ ዳር፦ 190 ኪሎ አልፎ የሚመዝን ሞተር በትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ? ፍሪሲዮን ሲጨብጥ እጁ ይዝላል።

ጉድጓድ ዘላይ፦ እኔ ሃይደራባድ 3 ዓመት ነድቻለሁ። ስኩተሩን ተወው። ጎማው 10 ወይም 12 ኢንች ነው፣ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከነነፍስህ ይጥልሃል። የሞተር ሳይክል ጎማ 17 ወይም 18 ኢንች ነው፣ ያልፈዋል። የባጃጅ ፕላቲና 110 ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ምልክት የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ላይም ሆዱን አይፍቅም።

የቪዛጉ፦ ባጃጅ አልነዳም፣ ባለ ሁለት እግር ነው የምፈልገው!

ጉድጓድ ዘላይ፦ 😂 ወንድሜ፣ ባጃጅ የኩባንያው ስም ነው። ሁለት እግሩንም ይሠራል። ባለ ሦስቱን እዚያ «አውቶ» ነው የሚሉት። እየኖርክበት እንዴት ጠፋህ?

አዲስ አማካሪ፦ ካንዴላውን ፍታና አድርቀው።

ካንዴላ፦ እሱን ነው ያልኩት።

ወረቀት ፈታሽ፦ ሁላችሁም ስለ ሞተር ታወራላችሁ። ሰሌዳው የየት ነው? ኤፒ (የአንተው ግዛት የአንድራ ፕራዴሽ) ከሆነ ጥሩ። ከጎረቤቷ ኦዲሻ የመጣ ከሆነ ሻጩ ከዚያ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት የመልቀቂያ ወረቀት ማምጣት አለበት። አርሲ ደብተሩ (የምዝገባ ደብተሩ) ላይ የባንክ ብድር ተጽፎ እንደሆነ እየው። ተጽፎ ካለ ዕዳው ማለቁን የሚያረጋግጥ የባንኩን ደብዳቤ ሻጩን ጠይቀው። ስም ሳይዛወር ሙሉ ብር እንዳትከፍል። እኔ ቀልጬ ነው የምነግርህ። ሌላው፣ በዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከሆነ የምትነዳው ለ1 ዓመት ብቻ ነው፣ ሞተር ሳይክል የሚል ማኅተም ከሌለበት ደግሞ ጭራሽ አያገለግልህም።

ሐይቅ ዳር፦ ስንት ብር ነው ያለህ? ብቻህን ነህ ወይስ ሰው ትጭናለህ? እሱን ሳትነግረን ምኑን እንምረጥልህ?

የቪዛጉ፦ 50 ሺህ ሩፒ። አንዳንዴ ጓደኛዬን እጭናለሁ።

ጉድጓድ ዘላይ፦ በ50 ሺህ አዲስ አታገኝም። በሴፕቴምበር 2025 ታክሱ ከ28 ወደ 18 በመቶ ቢወርድም፣ ምዝገባና ኢንሹራንስ ሲጨመር አይደርስልህም። ያገለገለ ስፕሌንደር ወይ ፕላቲና ፈልግ። ከኤፕሪል 2019 ወዲህ የተሠራ ይሁን፣ ከዚያ ወዲህ አንዱን ፍሬን ስትይዝ ሁለቱም ጎማዎች እንዲይዙ ግዴታ ሆኗል። ዝናብ ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ። ቪዛግ የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች ማርሚታውን ከሥር እየው፣ ጨው ዝገት ያፋጥናል። ካቴናውንም እየው። ጓደኛህም ሄልሜት ያድርግ።

አንጋፋው፦ እኔ ስፕሌንደር አላልኩም?

የቪዛጉ፦ ካንዴላውን ፈታሁት፣ ውሃ ተፋች! ዘይቱ ግን የወተት ሻይ መስሏል። ልቀይረው ሱቅ እየሄድኩ ነው። የስኩተሩ ሰውዬ ደግሞ ደጋግሞ እየደወለ ነው።

ካንዴላ፦ አዲሱን ዘይት ትንሽ አሠርተህ እንደገና ቀይረው፣ አንዴ ብቻ አይጠራም።

ወረቀት ፈታሽ፦ ሰውዬውን አርሲውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በለው።

የቦሌ ልጅ፦ እሺ፣ ተነሳች ወይስ?

ሐይቅ ዳር፦ ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ። የቪዛጉ፣ አለህ?