አከራያችን ቲኤም 30 አልሞላም ቢሉ ምን ይደረጋል? (ፓክ ክሬት፣ ኖንታቡሪ)

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ታይላንድ ያላችሁ ሐበሾች እባካችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ባለቤቴ እዚህ በወርክ ፐርሚት ነው የሚሰራው እኔና ልጄ ደግሞ በሱ ስር ኖን ኦ በሚባለው የቤተሰብ ቪዛ ላይ ነን። ባንኮክ ኦን ኑት ኮንዶ ውስጥ ስንኖር የህንፃው ቢሮ ሁሉን ነገር ይጨርስልን ስለነበር እኔ ወረቀት የሚባል ነገር አስቤም አላውቅ። አሁን ለልጁ ትምህርት ቤት እንዲቀርብ ብለን ፓክ ክሬት ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ተከራየን። አከራይዋ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ፓ ስለሚላቸው እኛም ፓ ነው የምንላቸው፣ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው ማንጎ ሲደርስ በዘንቢል ያመጣሉ ልጄን አቅፈው አይጠግቡትም፣ ግን ቲኤም 30 (ቤቴ የውጭ ሰው ይኖራል ብሎ ለኢሚግሬሽን የሚያሳውቁበት ፎርም) ስንላቸው ፊታቸው ልውጥ ይላል። ልጃቸውን በስልክ አገናኙን እሱ ደግሞ "ከዚህ በፊት የተከራየው ፈረንጅ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን አያውቅም" ብሎ ዘጋው።

ችግሩ የኔና የልጄ የቪዛ ማራዘሚያ በመጪው ወር ነው፣ ያለ ቲኤም 30 ፋይሉን አይነኩትም ሲሉ ሰማሁ። ያውም የ90 ቀን ሪፖርት የሚባለው አለ፣ ያውም ዘንድሮ ለፋሲካ አዲስ አበባ መሄድ አስበናል። የቱን አስቀድሜ የቱን ላስከትል? ደግሞ የኔና የባለቤቴ ስም አይገናኝም (መቼም ታውቁታላችሁ የኛን ነገር) እሱስ ጣጣ ያመጣል ወይ? እግዜር ይስጥልኝ።

ሶይ_3፦
ኤጀንት ያዢ ገላገልሽ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ኢሚግሬሽን ወረፋ ላይ ቆሜ አላውቅም 😂

ቻኦ_ፕራያ፦
ሶይ_3 አንተ ብር ተርፎህ ነው እሷ ግን ኤጀንት ብትይዝም ኤጀንቱ መጀመሪያ የሚጠይቃት ያንኑ የአከራይ መታወቂያ ኮፒ ነው፣ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ፓ ጋ መመለሷ አይቀርም።

እህቴ ከሁሉ በፊት ይሄን እወቂ፣ ቲኤም 30 የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው። በፈረንጆች የ1979 የኢሚግሬሽን ሕግ (በነሱ አቆጣጠር 2522) አንቀጽ 38 የውጭ ሰው ቤቱ ያሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ ነው የሚለው፣ ቅጣቱም እስከ 2,000 ባት ድረስ ሲሆን የሚቀጣው ባለቤቱ ነው። ግን ባለቤቱ ካላሳወቀ ማራዘሚያሽን ይዘሽ መስኮቱ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ ወረቀቱ የለም ተብለሽ የምትመለሺውም አንቺ ነሽ። አሁን ጥሩው ነገር፣ ፎርሙ ላይ የሚለው የቤቱ ባለቤት ወይም ቤቱን የያዘው ሰው ነው፣ ቤቱን የያዘው ማለት እኮ ኮንትራት ያለው ተከራይ ነው። ስለዚህ ባልሽ በኮንትራቱ የራሱን ቤተሰብ ራሱ ማሳወቅ ይችላል፣ ብዙ ቢሮዎች ይቀበሉታል። ከሳቸው የሚያስፈልግሽ የመታወቂያ ኮፒና የቤት ደብተር ኮፒ (ሰማያዊው ታቢየን ባን) ብቻ ነው፣ ሁለቱም ላይ ይፈርሙበት። ቢሮው አይሆንም ካለ ደግሞ ውክልና ያስፈርሟችሁ የ10 ባት ቴምብር ይለጠፍበታል በቃ እሳቸው ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም።

አሁን የፓን ነገር። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው ሳይሆን ግብር ፈርተው ነው፣ አብዛኛው ትንሽ አከራይ እንደዛ ነው፣ የኪራዩን ገቢ ሳያሳውቅ ይኖርና መንግስት የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። እና "ሕጉ እርስዎን ነው የሚቀጣው" ብለሽ እንዳትጀምሪ!! እውነት ነው ግን እዚህ አገር ሰውን ፊት ለፊት ያሳፈርሽ ቀን ነገሩ አለቀለት፣ ፈገግ ይሉልሻል እሺ ይሉሻል ከዛ ስልክ አያነሱም። በላይን (የስልክ መልእክት አፕ ነው) ሜሴጅም አትጨቅጭቂያቸው። አንድ ምሽት ልጁን ይዛችሁ ፍራፍሬ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎርሙን ሞልታችሁ፣ ስማቸውም አድራሻቸውም ተጽፎ፣ የሚፈርሙበት ቦታ ብቻ ቀርቶ። "ፓ ይሄ የኢሚግሬሽን ነው የግብር ቢሮ አይደለም፣ ለልጁ ቪዛ ነው፣ እኛው ወስደን እናስገባለን" በሏቸው። የልጁ ስም ሲነሳ ይለሰልሳሉ። (ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንምጣ ብትያቸው ደግሞ እነሱም ማታውን እንደኛ አንድ ሁለት እያሉ ስለሚቆጥሩ ቀጠሮው አይጣረስባችሁም ሃሃ)

ኮፒው ላይ ሁለት ሰያፍ መስመር አስምረው መሃሉ ላይ "ለቲኤም 30 ብቻ" ብለው በታይኛ እንዲጽፉበት አንቺው ራስሽ ሐሳብ አቅርቢላቸው። ታዮች የመታወቂያ ኮፒ ለሰው ሲሰጡ ለሌላ ነገር እንዳይውል እንደዛ ነው የሚያደርጉት። የውጭ ሰው ይሄን ሲያውቅ ሲያዩ እምነታቸው በአንድ ጊዜ ነው የሚጨምረው።

ሌላው፣ ፓክ ክሬት ከሆንሽ ቼንግ ዋታና መንግስት ኮምፕሌክስ ህንፃ ቢ አፍንጫሽ ስር ነው በፒንክ ላይን ባቡር ትንሽ ፌርማታ ናት ግን ያንቺ ቢሮ አይደለም!! እሱ ለባንኮክ ነው፣ አንቺ አሁን ኖንታቡሪ ክፍለ ሀገር ነሽ ስለዚህ የኖንታቡሪው ኢሚግሬሽን ነው የሚያስተናግድሽ። ቅርብ ነው ብለሽ ሄደሽ ወረፋ ይዘሽ ተሰልፈሽ አድራሻሽን አይተው ይመልሱሻል።

አዲስ_ገቢ፦
ወይኔ እኔማ ቼንግ ዋታና ልሄድ ነበር ሐሙስ! እግዜር ይስጥልኝ በጣም። የ90 ቀኑ ከማራዘሚያው ጋር አንድ ላይ ያልቃል ወይስ ለብቻው ነው?

ኮራት_ነው_ቤቴ፦
ለብቻው ነው። ማራዘሚያ አንድ ዓመት ቆዪ የሚልሽ ነው (ቲኤም 7 ነው ፎርሙ፣ 1,900 ባት)፣ 90 ቀኑ ደግሞ ዝም ብለሽ "አለሁ፣ እዚሁ ነኝ" የምትይበት ነው ክፍያ የለውም። ሰው የሚምታታበት፣ መጀመሪያ ማራዘሚያ ስታመለክቺ ያ ራሱ እንደ መጀመሪያ የ90 ቀን ሪፖርት ይቆጠራል፣ ከዛ በኋላ ያሉት ግን አይቆጠሩም። ከቀኑ 15 ቀን ቀደም ብሎ እስከ 7 ቀን ዘግይቶ ይቀበላሉ፣ ካለፈ 2,000 ባት ነው። ኦንላይንም ይሞላል ግን ፓስፖርት ከቀየርሽ ወይም አድራሻሽ ሲስተሙ ላይ ካልተስተካከለ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያ ቲኤም 30። ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ስለ ስሙ አትጨነቂ። እናንተን የሚያገናኛችሁ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ልጁን የሚያገናኘው የልደት ሰርተፊኬት ነው። ፎርም ላይ ግን ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል እንዳለ ገልብጡ፣ አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ፋሚሊ ኔም እያደረጋችሁ ብትጽፉ ሁለት ሰው ነው የምትሆኑባቸው። ባንክም፣ መንጃ ፈቃድም፣ ትምህርት ቤትም አንድ ዓይነት ይሁን። የኔ ሚስት ታይ ናት ዘመዶቿ እስካሁን የአባቴን ስም የቤተሰብ ስማችን ነው ብለው ልጆቻችንን በሱ ነው የሚጠሩት፣ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

የኔ በሚስት ስለሆነ ሌላ ነው፣ 400,000 ባት ባንክ ማስቀመጥ ወይም በወር 40,000 ገቢ ማሳየት ግድ ነው ከዛ ቤት ውስጥ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ፣ ወደ ቤቱ የሚያደርስ የመንገድ ንድፍ፣ ምስክር፣ አንዳንዴ ራሳቸው መጥተው ያያሉ። አንድ ጊዜ ሲመጡ ፑያይባኑ (የመንደሩ ሹም) ራሱ ከኋላቸው በሞተር ተከትሎ መጣና ቁጭ ብሎ ስለ ሩዝ ዋጋ አወራቸው፣ እኔን ምንም ሳይጠይቁኝ ቡና ጠጥተው ሄዱ። ገጠር ጥቅሙ እሱ ነው። ባንኮክ ዙሪያ ቁጥር ነሽ፣ እዚህ ደግሞ የእገሊት ባል ነህ።

ብቻ ለኢሚግሬሽን ስትሄጂ ጨዋ ልብስ ልበሺ፣ ቁምጣና ሸበጥ ለብሶ የሚመጣ ፈረንጅ ሲያዩ አይወዱም። ድምፅሽን ከፍ እንዳታደርጊ። አንድ ነገር ጎደለ ቢሉሽ "እሺ" ብለሽ ወጥተሽ አሟልተሽ ተመለሺ እንጂ "ባለፈው ሌላ ነበር ያላችሁኝ" አይሰራም። ሁሉንም ገፅ ኮፒ በሁለት በሁለት ያዢ፣ ሁሉም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈርሚ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ምሳ ነው መስኮቱ ይዘጋል።

ሶይ_3፦
እና ይሄን ሁሉ አንብበሽ ኤጀንት አልፈልግም ካልሽ ጎበዝ ነሽ። በነገራችን ላይ ቀኑ እንዳያልፍብሽ ብቻ፣ ኦቨርስቴይ (ከተፈቀደልሽ ቀን በላይ መቆየት) በቀን 500 ባት ነው እስከ 20,000 ድረስ። ከዛ የሚብሰው ግን ራስሽ አየር ማረፊያ ሄደሽ ብትከፍዪ ጥቂት ቀን ከሆነ ይታለፋል፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ፈትሾ ካገኘሽ ግን አጭርም ቢሆን 5 ዓመት ተመልሰሽ እንዳትገቢ ሊታገድብሽ ይችላል። እሱ ላይ ቀልድ የለም።

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም እንደገና። ቅዳሜ ማታ ሄድን፣ ፓ ፈረሙ!! ኮፒው ላይ መስመሩን ስናሰምር ሳቁ፣ "ማን አስተማራችሁ" አሉ፣ ልጃቸውም መጣና የቤት ደብተሩን ራሱ ኮፒ አድርጎ አመጣልን። ኮንትራቱ ላይ 2569 የሚል ዓመት አይቼ ደንግጬ ነበር በነሱ መሆኑን ባለቤቴ ነገረኝ፣ እኛ ወደ ኋላ እነሱ 543 ዓመት ወደ ፊት። ኖንታቡሪ አስገባን ተቀበሉን ቁራጯን ወረቀት ፓስፖርቱ ላይ ስቴፕል አደረጉልን። ቻኦ_ፕራያ ዘመንህ ይባረክ።

አሁን የቀረኝ የፋሲካው ጉዞ ነው። ማራዘሚያውን ካገኘሁ በኋላ ብወጣ ስመለስ በዛው ቪዛ መግባት እችላለሁ አይደል? አንድ ዓመት ይሰጡኛል ስለተባለ።

ኦፓል_ነጋዴ፦
አትችዪም!! ቆይ ቆይ። እኔ የወሎ ኦፓል ይዤ ቻንታቡሪ ገበያ የምመላለስ ሰው ነኝ ይሄንን ጉዳይ በደንብ ነው የማውቀው። ማራዘሚያሽ አንድ ዓመት ቢኖረውም ሪ ኤንትሪ ፐርሚት (ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ) ሳትይዢ ከአገር ከወጣሽ ከድንበሩ ስትሻገሪ ሞተ፣ ባልሽ እየሰራ አንቺ እንደ አዲስ ቪዛ ማውጣት ልትጀምሪ ነው። ፎርሙ ቲኤም 8 ነው፣ አንድ ጊዜ ለመውጣት ለመግባት 1,000 ባት፣ ደጋግመሽ የምትወጪ ከሆነ 3,800። ለልጁም ለብቻው ነው፣ የቤተሰብ የሚባል የለም ፓስፖርት በፓስፖርት ነው። ሱዋናፑም አየር ማረፊያም ይሰራል ግን የሚሰጠው መውጫ ላይ ስለሆነ በረራው ደርሶብሽ ወረፋ እንዳይዝሽ ከተማ ውስጥ ጨርሺው።

ዘንድሮ (2026) ደግሞ ልብ በዪ፣ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፣ ሶንግክራን (የታዮች አዲስ ዓመት) ከ13 እስከ 15፣ ቢሮ በሙሉ ዝግ ነው። ከዛ በፊት ያሉት ቀናትም ሰው ሁሉ ሊዘጋ ነው ብሎ ስለሚንጋጋ ትርምስ ነው። አሁን ያለሽ ፈቃድ ከማለቁ 30 ቀን በፊት ጀምሮ የማራዘሚያ ማመልከቻ ይቀበላሉ (አንዳንዱ ቢሮ 45) ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ግቢ፣ በዛው ቀን ሪ ኤንትሪውንም ጠይቂ አንድ ጉዞ ይበቃሻል።

ስትመለሺ የ90 ቀኑ ከገባሽበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ቲኤም 30 በ2020 ስለላላ በሪ ኤንትሪ ወደዛው ቤት ከተመለስሽ ዳግም ማስገባት አያስፈልግም ነው የሚለው፣ ግን አንዳንድ ቢሮ አሁንም ይጠይቃልና የኖንታቡሪውን መስኮት ላይ ጠይቂያቸው፣ ፓ እንደገና ላይጨነቁ።

አዲስ_ገቢ፦
እሺ ገባኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስመለስ አየር ማረፊያ የሚሞላው ወረቀትስ አሁንም አለ?

ኦፓል_ነጋዴ፦
የወረቀቱ ቀርቷል። ከሜይ 2025 ጀምሮ ቲዲኤሲ (ዲጂታል የመግቢያ ካርድ) ነው፣ ኦንላይን፣ ከመድረስሽ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ትሞዪዋለሽ፣ ለልጁም። ነፃ ነው፣ ገንዘብ ክፈዪ የሚል ሳይት ካጋጠመሽ የሌባ ነው ዝጊው። ከኢትዮጵያ ስለምትመጪ ቢጫ ወባ ካርድ (ቢጫዋ ደብተር) ይጠየቃል፣ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሆን አለበት፣ አንዴ ከወሰድሽ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ጠረጴዛቸው ከኢሚግሬሽን በፊት ስለሆነ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅሽ ያዢው እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው።