ተንደርበርድ ላይ ፎልደሮች ሁለት ሁለት ሆኑብኝ፣ አንዱን ላጥፋው? አስቸኳይ!

ሒሳብ_ክፍል (ረፋድ 4፡10)
እባካችሁ ቶሎ። ዛሬ ጠዋት የኢሜይል ፕሮግራሜን ተንደርበርድን ስከፍት ፎልደሩ ሁሉ ተባዝቷል። ኢንቦክስ ሁለት፣ ድራፍትስ ሁለት፣ የተላከ የሚቀመጥበት ደግሞ ሦስት ዓይነት፤ «ሴንት»፣ «ሴንት አይተምስ»፣ «ሴንት ሜሴጅስ»። እኛው የከፈትነው «ሂሳብ» እንኳ ሁለት ሆኗል። ኦዲተሮች ከሰዓት ይመጣሉ፣ የተላኩ ደረሰኞች ማግኘት አለብኝ። ትርፍ ትርፉን አጥፍቼ ልገላገል? «ሴንት አይተምስ»ን እንደውም አጥፍቼዋለሁ።

ቀዩ_ገመድ (4፡13)
አካውንቱን ሪሙቭ አድርገህ እንደገና አስገባው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጓዳ_ሰርቨር (4፡16)
ቆይ ወንድሜ! ከሁሉ በፊት ተንደርበርድን እንዳትዘጋው።

አካውንቱ አይማፕ (ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በየዕቃው የሚታይበት አሠራር) ከሆነ ያጠፋኸው ፎልደር ወዲያው አይሞትም፤ ትራሽ ሥር ንዑስ ፎልደር ሆኖ ይቀመጣል። ነገር ግን «ኤምፕቲ ትራሽ ኦን ኤግዚት» የሚለው ቲክ ካለበት፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ትራሹ በውስጡ ካለው ፎልደር ጋር ይጠረጋል፤ ያውም ከሰርቨሩ። ስልክም ላይ፣ በብሮውዘር በሚከፈተው ዌብሜይልም ላይ አታገኘውም።

አሁኑኑ፦ የአካውንቱ ስም ላይ ራይት ክሊክ፣ ሴቲንግስ፣ ሰርቨር ሴቲንግስ፣ ቲኩን አንሳ። ከዚያ ከትራሽ ጎን ያለችውን ቀስት ነክተህ ዘርጋው፤ «ሴንት አይተምስ» እዚያ ካለ ያዝና ወደ አካውንቱ ስም ጎትተህ መልሰው። አልጎተትም ካለ አትታገለው፣ ውስጡን ከፍተህ ኢሜይሎቹን ብቻ ወደ «ሴንት» አዛውር።

ይህን ከጨረስክ በኋላ ንገረን፦ አካውንቱ ጂሜይል ነው የድርጅት ዶሜይን? አይማፕ ነው ፖፕ (ኢሜይሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያወርደው)? ቨርዥኑ ስንት ነው? ሌላስ ማን በየትኛው ዕቃ ይከፍተዋል?

ቡና_በጀበና (4፡18)
ሁለት «ሂሳብ» ይዛችሁ ኦዲተር የምትጠብቁት… ችግሩ ተንደርበርድ ላይ መሆኑን እርግጠኛ ናችሁ?

ሒሳብ_ክፍል (4፡25)
ቡና በጀበና አታስቀኝ፣ ሆዴ ተቆርጧል።
ጓዳ ሰርቨር እግዜር ይስጥህ፤ ቲኩ ነበረበት!! አንስቻለሁ። ፎልደሩም ትራሽ ሥር ተገኝቷል፣ መልሼዋለሁ። ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። የድርጅታችን ዶሜይን ነው፣ ሲፓነል (ሰርቨሩን ማስተዳደሪያ) ያለው። አይማፕ። ተንደርበርድ ትናንት ነው አፕዴት የተደረገው፣ ቁጥሩን አላየሁም። ባለፈው ወር የለቀቀችው ባልደረባዬ በአውትሉክ ትጠቀም ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ በአይፎን ይከፍተዋል።

መንታ_መስኮት (4፡31)
«ፎልደሮቹ ተባዝተዋል» የሚለው ራሱ አላሳመነኝም። አይማፕ ላይ ኢንቦክስ የሚለው ስም ለአንድ ፎልደር ብቻ የተጠበቀ ነው፣ በአንድ አካውንት ሁለት ሊኖር አይችልም። ሁለት ኢንቦክስ ካየሽ ወይ አንዱ የሌላ አካውንት ወይም የኮምፒውተሩ ፎልደር ነው፣ ወይ ያው አንዱ ሁለት ቦታ እየታየሽ ነው።

መለያው ቀላል ነው፦ አንደኛው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ሎኬሽን» የሚለውን መስመር አንብቢ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ አድራሻ እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ከሆነ ፎልደሩ አንድ ነው፤ አንዱን ስታጠፊ ሁለቱም ይሄዳሉ። አድራሻው «አይማፕ» ብሎ ከጀመረ ሰርቨር ላይ ያለ ነው፣ «ሜይልቦክስ» ብሎ ከጀመረ ኮምፒውተርሽ ላይ ብቻ ነው።

በአዳዲሶቹ ቨርዥኖች የፎልደር አሳያየት ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ መክፈት ይቻላል። ከፎልደሮቹ ዝርዝር በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ፣ «ፎልደር ሞድስ» ግቢ። «ኦል ፎልደርስ» እና «ዩኒፋይድ ፎልደርስ» (የየአካውንቱን ተመሳሳይ ፎልደር በአንድ ላይ የሚያሳየው) ሁለቱም ቲክ ካላቸው የኢንቦክስሽ መንታ የመጣው ከዚያ ነው። ዩኒፋይዱን አንሺ። ምንም ኢሜይል አይነካም።

ቀዩ_ገመድ (4፡33)
አካውንቱን ሪሙቭ ብታደርጊው ይህ ሁሉ ባልተጻፈ።

ጓዳ_ሰርቨር (4፡36)
ቀዩ ገመድ፣ ትርፎቹ ሰርቨር ላይ ካሉ አካውንቱን አውጥታ ብታስገባው እነዚያው ሦስት «ሴንት» ተመልሰው ይወርዳሉ። የሚቀነሰው የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ነው። የዓመታት ኢሜይል ከነአታችመንቱ እንደገና በሞባይል ዳታ ይውረድ ነው የምትለው?

ሒሳብ_ክፍል (4፡44)
መንታ መስኮት እውነትህን ነው! ሁለቱም ቲክ ነበራቸው። ዩኒፋይዱን ሳነሳ ኢንቦክስ አንድ፣ ድራፍትስ አንድ ሆነ። ሦስቱ ሴንት ግን አሉ፣ አድራሻቸውም የተለያየ ነው። ሁለቱ «ሂሳብ»ም አሉ፤ ሎኬሽኑ ላይ የሚነበብ አይደለም፣ ዝብርቅርቅ ነው።

የኔታ_ፊደል (4፡49)
እስቲ ሁለቱን ስሞች አጉልታችሁ እዩአቸው። አንዱ «ሂሳብ» ሌላው «ሒሳብ» ቢሆን አይገርመኝም። ቃሉ ከግእዙ ሐሰበ የመጣ ነውና በሐመሩ ሐ ነው መጻፍ ያለበት። ሃሌታውን ሀ የተጠቀመ ሰው ካለ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም።

ጓዳ_ሰርቨር (4፡53)
የኔታ ሊነግሩን የፈለጉት ሰዋስው ቢሆንም ችግሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሂ እና ሒ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ሰው በሂ፣ ሌላው በሒ ከከፈተ ሰርቨሩ ሁለት ፎልደር ይሠራል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ያው ናቸው። ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ የተተወችበትም ለዓይን አንድ ይመስላል። እንግሊዝኛውም ቢሆን በትልቁና በትንሹ ፊደል ይለያያል። ዝብርቅርቁ አያስደንግጥሽ፤ አይማፕ የአማርኛ ስም ሲያስቀምጥ በ & ጀምሮ በሰረዝ የሚያልቅ ኮድ ያደርገዋል።

የእነዚህ ሁለቱ መፍትሔ ኢሜይሎቹን ወደ አንዱ ማዛወር ነው። ወደሚጠፋው ፎልደር ኢሜይል በራሱ የሚልክ ፊልተር (የመደልደያ ትእዛዝ) ካለ ግን አስቀድመሽ «ቱልስ»፣ «ሜሴጅ ፊልተርስ» ገብተሽ መድረሻውን ቀይሪ።

ሁሉም_በስልክ (5፡02)
በዚህ ዘመን ዴስክቶፕ ላይ ኢሜይል የሚከፍት ሰው አለ? በዌብሜይል ግቢ አለቀ።

መንታ_መስኮት (5፡04)
ኔትወርክ ሲሄድ የትናንቱን ደረሰኝ ከየት ታወጣዋለህ? ዌብሜይል ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማታል፦ ትገባና ለራሷ አንድ የሙከራ ኢሜይል ትልካለች። ዌብሜይሉ የላከችውን የትኛው ውስጥ እንዳስቀመጠ ትይ፤ የሚቀረው ፎልደር እሱ ይሁን።

ጓዳ_ሰርቨር (5፡15)
ሦስቱ «ሴንት» ከየት እንደመጡ ልንገርሽ፣ ካልታወቀ ነገ ተመልሰው ይመጣሉና። ተንደርበርድ «ሴንት» ይላል፣ አውትሉክ «ሴንት አይተምስ»፣ አይፎን «ሴንት ሜሴጅስ»። እያንዳንዱ የለመደውን ስም ሰርቨሩ ላይ ሲያጣ ራሱ ይከፍታል። «ዲሊትድ አይተምስ» እና «ትራሽም» እንደዚሁ ነው የሚባዙት። በ2011 የወጣ ቁጥሩ 6154 የሆነ የአይማፕ ደንብ አለ፣ ሰርቨሩ «የተላከ የሚገባው እዚህ ነው» ብሎ ፎልደሩ ላይ ምልክት እንዲያደርግ። ያን ምልክት የማያነብ ፕሮግራም ግን የራሱን ይከፍታል።

የሚቀረው ፎልደር «ሴንት» ነው እንበል።

1. መጀመሪያ ኮፒ ያዢ። «ሄልፕ»፣ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን»፣ «ፕሮፋይል ፎልደር» (ተንደርበርድ ኢሜይሉንና ሴቲንጉን የሚያስቀምጥበት) ጎን «ኦፕን ፎልደር»። የተከፈተልሽን ቦታ አስታውሰሽ ተንደርበርድን ዝጊ፤ የ«ኤምፕቲ ትራሽ ኦን ኤግዚት»ን ቲክ ስላነሳሽ አሁን መዝጋት ይቻላል። ፎልደሩን ሙሉውን ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጊ። «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» ላይ «ኪፕ ሜሴጅስ» የሚለው ቲክ ከሌለው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ርዕሱ ብቻ ነው፤ ያን ኮፒ ማድረግ ባዶ ፖስታ መሰብሰብ ነው።

2. ሴቲንግስ ውስጥ «ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ» ግቢ። የተላከ ኮፒ የሚቀመጥበት ላይ «አዘር» ብለሽ «ሴንት»ን ራስሽ ምረጪ። ድራፍትስንም እዚያው እዪ። የትራሹ ምርጫ እዚህ አይደለም፣ «ሰርቨር ሴቲንግስ» ላይ «ዌን አይ ዲሊት ኤ ሜሴጅ» ሥር ነው።

3. የሥራ አስኪያጁ አይፎን ላይ፦ የሜይል ሴቲንግ፣ አካውንቱ፣ «አድቫንስድ»፣ «ሜይልቦክስ ቢሄቪየርስ»። «ሴንት ሜይልቦክስ»ን ነክተሽ ሰርቨር ላይ ካለው ዝርዝር «ሴንት»ን ምረጪ። ይህ ከቀረ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

4. አሁን አዛውሪ። «ሴንት አይተምስ»፣ ቀጥሎም «ሴንት ሜሴጅስ» ውስጥ ከ300 እስከ 500 እየመረጥሽ፣ ራይት ክሊክ፣ «ሙቭ ቱ»። ሁሉንም በአንዴ ከያዝሽ ኮኔክሽኑ መሃል ላይ ሲቋረጥ የቱ እንደሄደ የቱ እንደቀረ ይጠፋሻል። በአንድ አካውንት ውስጥ ማዛወሩን የሚሠራው ሰርቨሩ ስለሆነ ደረሰኞቹ እንደገና አፕሎድ አይደረጉም፣ ፓኬጅ አትፍሪ።

5. የተዛወረውን በዌብሜይል አረጋግጪ። ፎልደሩ ባዶ ሲሆን አጥፊው፣ ከዚያ በፊት ግን አይደለም። ካጠፋሽው በኋላ ስሙ ብቻ ቆሞ ከቀረ የአካውንቱ ስም ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሰብስክራይብ»፣ «ሪፍሬሽ»፤ እዚያ ቲኩን አንሺ።

ኦዲተሮቹ ዛሬ ከሆኑ ግን ይህን ሁሉ ነገ አድርጊው። ለዛሬ «ኤዲት»፣ «ፋይንድ»፣ «ሰርች ሜሴጅስ» ከፍተሽ አካውንቱን በሙሉ ምረጪ፣ ንዑስ ፎልደሮችም ይካተቱ። ሦስቱንም ሴንት በአንዴ ይፈልግልሻል።

ግማሽ_ሊትር (5፡21)
እኔ ጋ ጂሜይል ነው፣ አንዱ ኢሜይል ኢንቦክስም «ኦል ሜይል»ም «ኢምፖርታንት»ም ውስጥ ይታያል። ሪፔር ፎልደር ብል አልጠፋም።

መንታ_መስኮት (5፡27)
ሪፔር የሚያድሰው መረጃ ጠቋሚውን ነው፤ ርዕስ ከይዘቱ ሲለያይ ወይም ቁጥሩ ሲዛባ ይጠቅማል። ያንተ ሌላ ነው። ጂሜይል ውስጥ ፎልደር የለም፣ ሌብል (ኢሜይሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ነው ያለው፤ ተንደርበርድ እያንዳንዱን ሌብል ፎልደር አድርጎ ያሳያል፣ ዲስክህም ላይ ኮፒው ይደራረባል። በብሮውዘር ጂሜይል ሴቲንግስ፣ «ሌብልስ» ግባና «ኦል ሜይል» እና «ኢምፖርታንት» ላይ «ሾው ኢን አይማፕ» የሚለውን ቲክ አንሳ። ደግሞም የላክኸውን ጂሜይል ራሱ ስለሚያስቀምጥ፣ «ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ» ላይ «ፕሌስ ኤ ኮፒ ኢን» ቲክ ካለው ኮፒው ድርብ ሊሆንብህ ይችላል፣ አንሳው።

ሒሳብ_ክፍል (5፡40)
ፍለጋው ሠራ!! ደረሰኞቹ ወጡ። ሂሳቡም የኔታ እንዳሉት ሂ እና ሒ ነው። የሥራ አስኪያጁን ስልክ ማን ይቀበለዋል እንጂ ሌላው ገብቶኛል። ኦዲተሮቹ ቀድመው መጡ፣ ልሂድ።

የኔታ_ፊደል (5፡44)
የሚቀረው በሐመሩ ሐ ይሁን።

ቡና_በጀበና (በማግስቱ፣ 3፡30)
እህት፣ ኦዲተሮቹ የትኛውን ሂሳብ አዩ?

ጓዳ_ሰርቨር (በማግስቱ፣ 9፡05)
«ሴንት ሜሴጅስ» ጠፍቶ ተመልሶ መጣ ወይ? ከመጣ ስልኩ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትነኪ፣ 3ኛውን ድገሚ።