አዲሱ ቀላል የበረዶ ሆኪ ስቲክ፦ ለማን ይሆናል፣ ማን ይቆይ?

ስቲክ፣ ማለትም የሆኪ ዱላ፣ ለመቀየር አስባችሁ «ቀላሉን ልግዛ ወይስ ባለኝ ልቆይ» ለምትሉ፣ መልሱን ላስቀድም። ፓክ (በረዶ ላይ የምንገፋትን ጠፍጣፋ ጎማ) ይዞ መጫወት የሚወድ፣ እጁ ፈጣን የሆነ፣ በሩ አጠገብ ቶሎ የሚመታ አጥቂ ከሆናችሁ ውሰዱት። ከሰማያዊው መስመር (ከበሩ ራቅ ካለው የማጥቂያ ክልል ድንበር) ላይ ሆናችሁ ስላፕ ሾት፣ ማለትም ዱላውን ከፍ አድርጋችሁ በኃይል የምትመቱትን ሾት፣ የምትለቁ፣ ዱላ ለዱላ የምትጋጩ ተከላካዮች ግን ትንሽ ቆዩ። ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ጭራሽ አያስፈልገውም። ለምን እንደዛ እንዳልኩ ከታች አለ።

እጄ ላይ ያለው ሰሞኑን ከወጡት በጣም ቀላል ስቲኮች አንዱ ነው። ሙሉ በሙሉ ካርቦን ፋይበር፣ የአዋቂ መጠን፣ ፍሌክሱ (የዘንጉ ግትርነት) 77፣ ከርቩ (የጫፉ ጥምዝ ቅርጽ) ፒ92። ቴፕ ሳላደርግበት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 380 ግራም አካባቢ አለኝ። የአምራቹን ስም አልጠራም። አንድ ስቲክ ይዞ ድርጅት ላይ መፍረድ አይሆንም፣ ደግሞም የማወራው ነገር በዚህ ክብደት የሚሠሩትን ሁሉ የሚመለከት ነው። ያነጻጸርኩት ከበፊቱ ስቲኬ ጋር ነው። እሱ መካከለኛ ደረጃ ያለው ስቲክ ሲሆን 430 ግራም ይመዝናል፣ ፍሌክሱና ከርቩም አንድ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ 50 ግራም ነው። ፓኩ ራሱ ከ156 እስከ 170 ግራም ስለሚመዝን፣ ይህን ሁሉ ወሬ ያስነሳው ነገር የፓክ ሲሶ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። በወረቀት ሲታይ ያስቃል። በረዶ ላይ ግን አያስቅም።

ይቀላል፣ እሱ ወሬ አይደለም። ፓኩን ግራና ቀኝ ሳመላልስ ብሌዱ (ፓኩን የሚነካው የዱላው ጠፍጣፋ ጫፍ) ካሰብኩት ቀድሞ ይደርሳል። ተከላካይ ዱላውን ሲዘረጋ ፓኩን በላዩ አሳልፎ ማዶ ላይ መቀበል፣ ከኋላ ደርሶ የሰውን ስቲክ ከስር ማንሳት፣ ባለቤት የሌለው ፓክ ላይ አንድ እጅ ዘርግቶ ቀድሞ መድረስ፣ እነዚህ ላይ ለውጡ በግልጽ ይታወቃል። በተለይ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስና ክንድ ሲዝል። ፌስኦፍ (ፓኩ በሁለት ተጫዋች መካከል ተጥሎ ጨዋታ ሲጀመር) ላይ ግን ምንም የተለየ ነገር አላየሁም፣ እዚያ ጉልበትና ቅጽበቱን መጠበቅ ነው የሚወስነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ነገር። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግራም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስቲክ የሚሽከረከረው በላይኛው እጅ ዙሪያ ነው፣ ስለዚህ ብሌዱ ላይ ያለች 10 ግራም እጀታው ላይ ካለች 10 ግራም እጅግ ትከብዳለች። ሁለት ስቲኮች ሚዛን ላይ እኩል ሆነው አንዱ እጅ ላይ ላባ፣ ሌላው መዶሻ የሚመስለው በዚህ ነው። ሱቅ ስትገቡ ስቲኩን በአንድ ጣት ላይ አጋድማችሁ የት ላይ እንደሚመዛዘን እዩት። ነጥቡ ወደ ብሌዱ በጣም ከተጠጋ አፍንጫው ከባድ ነው ማለት ነው፣ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። የያዝኩት አዲሱ በዚህ በኩል አሪፍ ነው፣ ከብሌዱ ላይ ነው የቀነሱት። እንደውም ዘንጉን ቆርጣችሁ ብሌዱ ከበዳችሁ፣ እጀታው ጫፍ ላይ የሚሰካ ማራዘሚያ አለ፣ አጠር አድርጋችሁ ብትሰኩት ጠቅላላ ክብደቱ ጨምሮ እጅ ላይ ግን የቀለለ ይመስላል። ሰው ሲነግሩት አያምንም፣ ሞክሩት።

ሌላው፣ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ግራም ብዙውን ጊዜ የአንድ መጠንና የአንድ ፍሌክስ ነው፣ ቴፕ የሌለው። ፍሌክሱ ከፍ ባለ ቁጥር ዘንጉ ላይ የሚገባው ካርቦን ስለሚጨምር ክብደቱም ከፍ ይላል። እናንተ ደግሞ ብሌዱን ከተረከዙ (ከዘንጉ ጋር ከሚገናኝበት) እስከ ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ቴፕ ጠቅልላችሁ፣ እጀታው ላይ ትልቅ ጉብ ሠርታችሁ ስታበቁ ከከፈላችሁበት ቅለት የተወሰነው ሄዷል። ቀላል ስቲክ ገዝቶ ግማሽ ጥቅል ቴፕ የሚጨርስበት ሰው አውቃለሁ፣ ተዉት ብለነው እምቢ አለ።

«ሾት ይጨምራል ወይ?» የሚለው ዋናው ጥያቄ ነው መሰለኝ። አጭሩ መልስ፦ ቅለቱ ብቻውን አይጨምርም። ሾት የሚመጣው ዘንጉ ታጥፎ ሲመለስ ነው። ስላፕ ሾት ላይ ብሌዱ ቀድሞ የሚነካው ፓኩን ሳይሆን ከፓኩ ኋላ ያለውን በረዶ ነው፣ እዚያ ዘንጉ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሲፈታ ፓኩን ይወነጭፋል። ማጠፍ ካልቻላችሁ ስቲኩ 300 ግራምም ቢሆን ፋይዳ የለውም። ግዙፉ ተከላካይ ዝደኖ ቻራ በ2012 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ (ኤንኤችኤል) የኮከቦች ውድድር ላይ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር የመታው በስቲኩ ቅለት አይደለም። 2 ሜትር ከ6 የሆነ ሰው በጣም ረጅምና ግትር በሆነ ዱላ ነው የመታው፣ ያንን ዱላ ለኔ ብትሰጡኝ ፓኩ መረቡ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። እኔ ለውጥ ያየሁት ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን ቶሎ መልቀቁ ላይ ነው። ሪስት ሾትና ስናፕ ሾት (ዱላው ብዙ ሳይነሳ በእጅ አንጓ የሚለቀቁት) ላይ እጅ ቀደም ይላል፣ በረኛው ከመዘጋጀቱ በፊት ፓኩ ወጥቷል። ስላፕ ሾቴ ያው ነው። እንደውም ስወዛወዝ ብሌዱ የት እንዳለ የሚነግረኝ ክብደት ስለጠፋ መጀመሪያ አካባቢ ፓኩን በተረከዙ እየመታሁ ተቸግሬ ነበር።

ስለዚህ ከግራም በፊት ፍሌክስ ምረጡ። ቁጥሩ ዘንጉን 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ነው፣ በፓውንድ። የቆየው ስሌት የሰውነት ክብደትን በፓውንድ ወስዶ ግማሹን ማድረግ ነው። በኪሎ ለምናስብ ደግሞ ይቀላል፦ ኪሏችሁን ያዙና አስር በመቶ ጨምሩበት። 70 ኪሎ ከሆናችሁ 77፣ 80 ከሆናችሁ 88። አሁን አሁን ብዙ ተጫዋች ከዚህ ዝቅ ያለ ይወስዳል፣ ተጣጣፊው ቶሎ ስለሚለቅ። ተከላካይ ወይም ስላፕ ሾት ወዳድ ከሆናችሁ ግን ከፍ ማለቱ ይሻላል። አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ዘንግ ሲቆረጥ ይገትራል። ከ77ቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ ወደ 85 ይጠጋል። ብዙ ስቲኮች ላይ እጀታው አጠገብ የት ላይ ቢቆረጥ ስንት እንደሚሆን መስመር ተሠርቶ ተጽፏል፣ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

ከዚያ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ኪክ ፖይንት የሚሉት። ዝቅ ያለው ከብሌዱ አቅራቢያ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይለቃል። ከመሃል የሚታጠፈው ጉልበት ለሚያስገባ ሰው ነው። ከታወቁት አምራቾች የባወር ቬፐር፣ የሲሲኤም ሪብኮርና የዋሪየር ኮቨርት ዝቅ ባለው የሚታወቁ መስመሮች ናቸው። የባወር ኔክሰስ መሃል ላይ የሚታጠፍ ነው። የሲሲኤም ጄትስፒድ ሁለቱን ለማስታረቅ የተሠራ ነው። የእኔ አዲሱ ዝቅ ያለው ነው፣ እንደሚመስለኝ ቀላል ስቲክ የሚስማማውም ከዚህ ጋር ነው። በመሃል የሚታጠፍ ፈልጋችሁ ቀላል መሆኑን ብቻ አይታችሁ ዝቅ ያለውን ብትወስዱ ስላፕ ሾታችሁ ይላላል።

አሁን ወደማይወደደው። ጠንካራ ፓስ ሲመጣ ይህ ስቲክ ይንዘረዘራል። ብሌዱ ቀጭንና ግትር ስለሆነ ፓኩ ሲያርፍበት «ቲንግ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ነጥሮ አንድ ክንድ ርቀት ይሄዳል። የድሮው ፓስ ሲቀበል ዋጥ ያደርገው ነበር። ታችኛውን እጅ ላላ አድርጎ ከፓኩ ጋር ትንሽ ወደኋላ መመለስ ይረዳል፣ ብሌዱ ላይ የጨርቅ ቴፕ አድርጎ ሰም መቀባትም ይረዳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ ይህንኑ ይወደዋል፣ ፓኩ የት እንዳረፈ በእጄ ይሰማኛል ይላል። የጣዕም ጉዳይ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ጥንካሬው ነው። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ከታችኛው እጄ በታች፣ ዘንጉ ጠርዝ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቀለም ተነስታለች። የሰው ዱላ መትቶት ነው። ቀለም ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ግን ጥፍር ሲያልፍባት ይያዛል፣ ይህ ደግሞ ከቀለሙ ስር ያለው ካርቦን መነካቱን የሚናገር ነው። ካርቦን ፋይበር ጎብጦ አይቀርም፣ አያስጠነቅቅም፣ አንድ ቀን ሾት መሃል ላይ ሁለት ይሆናል። ስቲክ ሲቀልል ግድግዳው ይሳሳል፣ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ምት ትዕግስቱ ያንሳል። ከጨዋታ በኋላ የዘንጉን አራቱን ጠርዝ በጣት ዳብሱ፣ ብሌዱንም በረዶ ላይ ኳ ኳ አድርጉት። ድምፁ ከደነዘዘ ውስጡ ያለው ፎም መላላት ጀምሯል፣ ሾት ላይም ታገኙታላችሁ። አምራቾች ለስቲክ የሚሰጡት ዋስትና ብዙውን ጊዜ 30 ቀን አካባቢ ስለሆነ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ደግሞ እንደ እንቁላል አትያዙት፣ በደንብ ተጫወቱበት። የሚሰበር ከሆነ ያኔ ይሰበር።

በነገራችን ላይ ዛሬ «ከባድ» የምንለው 430 ግራም ድሮ ተረት ነበር። ለረጅም ጊዜ ዱላ ማለት እንጨት ነበር፣ ከዚያ እንጨቱን በፋይበርግላስ ጠቀለሉት፣ ከዚያ የአሉሚኒየም ዘንግ መጣ። ዝነኛውን ተጫዋች ዌይን ግሬትዝኪን ለሎስ አንጀለስ ሲጫወት ያንን ብርማ ዘንግ፣ ኢስተን የተባለው አምራች የሠራውን፣ ይዞ ነው የምናስታውሰው፣ ብሌዱ ሲሰበር ብሌዱ ብቻ ይቀየር ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የኢስተን ሲነርጂ ሲመጣ ዘንግና ብሌድ አንድ ላይ የተሠራው ካርቦን ተለመደና የእንጨቱ ዘመን ከትልልቅ ሊጎች ቀስ በቀስ ወጣ። የኢስተን የሆኪ ክፍል ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. በባወር ተገዛ።

ታዲያ ምን ልግዛ ለምትሉ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚጫወት ፈጣን አጥቂ፣ ቀላሉን ይውሰድ፣ ሲሰበር እንዳያዝን ግን ልቡን ያዘጋጅ። ያን ያህል መክፈል የማይፈልግ ሰው ያለፈውን ዓመት ከፍተኛ ሞዴል ይፈልግ። አዲሱ ሲወጣ የዚያኛው ዋጋ ይወርዳል፣ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ቀለሙና ጥቂት ግራም ነው። ለኔ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው። ለአልፎ አልፎ ተጫዋች መካከለኛው ደረጃ፣ ከ420 እስከ 480 ግራም ያለው፣ ይበቃዋል፣ ይበዛዋልም። ጀማሪ ደግሞ በርካሹ ጀምሮ በሚቀረው ገንዘብ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ያሻሽል፣ ቁርጭምጭሚቱ ሳይጸና የስቲክ ግራም መቁጠር የለበትም።

ከርቩን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ፒ92 ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፣ ፓኩን ለማንሳት ያግዛል። ፒ88 ለፓስና ለባክሃንድ (በብሌዱ ጀርባ ለሚመታው) ጥሩ ነው። ፒ28 ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝ ስለሆነ ፓኩን ከጫፍ ለሚለቅ እጅ ነው፣ ካልለመዳችሁት ግን ፓኩ ከበሩ በላይ ይሄዳል። ስቲክ ስትቀይሩ ከርቩን አብራችሁ አትቀይሩ፣ የቱ ምን እንዳመጣ አታውቁትም።

የስቲኩ ቁመት በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ላይ ቆማችሁ አገጭ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ መነሻ ነው። በኤንኤችኤል ያለ ልዩ ፈቃድ ትልቁ የተፈቀደው ርዝመት 160 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እናንተ እዚያ የምትደርሱበት ምክንያት የለም። ፓክ ይዞ የሚጫወት ወደ አጭሩ፣ ፓስ የሚያቋርጥ ተከላካይ ወደ ረጅሙ ያደላል።

ለልጅ የምትገዙ ወላጆች፣ እባካችሁ «ያድጋል» ብላችሁ የትልቅ ሰው ስቲክ ቆርጣችሁ አትስጡት። ሲቆረጥ ብረት ይሆንበታል፣ ማጠፍ ስለማይችል ፓኩን በክንዱ ብቻ እየገፋ ያድጋል። ፍሌክሱ 40 ወይም 50 የሆነ የልጅ ስቲክ፣ ክብደቱ ትንሽ ቢጨምር እንኳ፣ ከዚያ የተሻለ ነው። በረኞች ደግሞ ይህ ሁሉ እናንተን አይመለከትም፣ የእናንተ ዱላ ሌላ ዕቃ ነው።