በውስጥ እግር ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ፦ በባዶ እግር መሄድ ያመጣዋል?

ጠያቂ፣ ከቢቸና፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ64 ዓመት ገበሬ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋልካ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ተረከዛቸው ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ አሁን ሽንብራ አክላለች፣ ጠርዟም ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ጎረቤት «እሾህ ተሰብሮባቸው ነው፣ በጋለ ብረት ይተኮሱ» ይላል። እኔ ግን ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ሰምቼ ሠጋሁ። የሚያጋልጠው ፀሐይ ነው ወይስ በባዶ እግር መሄድ? ለእኛ ለልጆቻቸውስ ያሠጋል?

የቆዳ ሕክምና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦
እንኳን ሳይተኮሱ ጠየቁ። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ዘንድ ሜላኖማ ብርቅ ነው፤ ሲከሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር በመሆኑ፣ ለነጮች ዋነኛ ጠንቅ የሆነው ፀሐይ እዚህ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። ዕድሜ ይበልጥ ይከብዳል። በሽታው የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት ስፍራ ላይ መብዛቱ ተደጋጋሚ ጫናና ጉዳት እጃቸው እንዳለበት ያስጠረጥራል፤ ሆኖም ጥርጣሬ እንጂ የተረጋገጠ መንስኤ አይደለም፣ ጫማ ሲያደርግ የኖረ ሰውም ይታመማል። (በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው።) ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ወላጁ ወይም ወንድሙ ሜላኖማ የያዘው ሰው ሥጋቱ ከሌላው ከፍ ስለሚል፣ የአባትዎ ከተረጋገጠ የእናንተም ቆዳ ይታይ። መተኮስ ላዩን አቃጥሎ ሥሩን ይተዋል፤ ለምርመራ የሚወሰደውንም ናሙና ያበላሻል።

አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
በእሾህና በምት ማሳበብ የእኛ ብቻ አይደለም። ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ይኸው በሽታ ሲገኝበት፣ ቀድሞ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። አክስቴም ጥፍሯ ላይ የወጣውን ጥቁር መስመር ድንጋይ መትቶኝ ነው እያለች ስትጠብቅ፣ ጥቁረቱ ወደ ጥፍሯ ዙሪያ ቆዳ ተሻገረ። አንድ ጤና ጣቢያም ቅባት ብቻ ሰጥቶ መልሷት ነበር፤ ስለዚህ ናሙና ይወሰድልኝ ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ጠያቂ፣ ከቢቸና፦
እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ «ሳያመኝ ምን ሐኪም ቤት ያስኬደኛል» እያሉ ነው።

የቆዳ ሕክምና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦
መጀመሪያ ላይ አያምም፤ እስኪያም አይጠበቅ።

ጠያቂ፣ ከቢቸና፦
እንግዲያው ሐሙስ ደብረ ማርቆስ ይዣቸው እወርዳለሁ።