በጀቱ ከተቆረጠ ቆየ፣ ውሃው ግን ይመጣል። ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?

ጠብታ፦

ሰላም ናችሁ? ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሰሞኑን ስንጨቃጨቅ የከረምንበት ጉዳይ ነው። መንግሥታት የጤናና የንጹህ ውሃ በጀት ሲቆርጡ ሰው ይጎዳል አልኩት። ሳቀብኝ። "ሁሌ ተቆረጠ ተቆረጠ ትላላችሁ፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይመጣል፣ ማን ሞተ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ዝም ያልኩት ስላሳመነኝ አይደለም፤ ወረቀት ላይ የተሰረዘ ገንዘብ በምን መንገድ ዞሮ ሰው ሆድ ውስጥ እንደሚገባ እኔ ራሴ ስለማላውቅ ነው። መጀመሪያ የሚጎድለው ምንድን ነው? ከዛስ? ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉልኝና አሠራሩን በቅርብ የምታውቁ አስረዱኝ።

ናሙና ያዥ፦

ጠብታ፣ ጓደኛሽ ያለው እኮ ልክ ነው። ውሃው ይመጣል። ጉዱም እሱ ነው።

የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በጀት ሲቆረጥ ማንም ተነስቶ ፓምፕ አያጠፋም። ፓምፕ ከጠፋ ሰው በዚያው ቀን በር ላይ ይሰለፋል። ደመወዝም ቶሎ አይነካም። የሚታጨደው ሥራ ማስኬጃው ነው፤ የምርመራ ኬሚካል፣ የናሙና መኪናው ነዳጅ፣ የመሣሪያ ጥገና። እነዚህ ቢቀሩ የሚጮህ የለም።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ውሃ ታክሞ ከጣቢያ ሲወጣ ትንሽ ክሎሪን ውስጡ ይተዋል። ቀሪ ክሎሪን እንለዋለን። መንገድ ላይ ጀርም ቢገባ እንዲከላከል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ሊቀርለት ይገባል። የምንለካው ጣት በምታክል ብልቃጥ ነው። 10 ሚሊሊትር ውሃ ትቀጂያለሽ፣ አንዲት ነጭ ክኒን ትጨምሪያለሽ፣ ትነቀንቂያለሽ። ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። ከሌለ ንጹህ ውሃ መስሎ ይቀራል።

አንድ ዓመት ግዢ ታገደ። ክኒኑ አለቀ፣ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ከመጋዘን ተፈልጎ ወጣ። ብልቃጡ ፈዘዝ ማለት ጀመረ። ክሎሪኑ ነው የጠፋው ወይስ ክኒኑ ነው የሞተው? የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን ግን ባዶ ሆኖ አይሄድም፣ ስለዚህ አንዱ ባልደረባችን 0.5 ብሎ ጻፈ። በነጋታውም 0.5። ሳምንቱን ሙሉ 0.5። እውነተኛ ውሃ እንዲህ ተሰልፎ አይሄድም፣ ጠዋትና ማታ እንኳ ይለያያል። ሁላችንም አየን፣ ዝም አልን። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

የነዳጁ ደግሞ ይብሳል። ክሎሪን በቧንቧ ውስጥ በተጓዘ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት የመስመሩ ጫፍ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ግን ናሙና የሚቀዳው በእግር ከሚደረስበት፣ ጣቢያው አጠገብ ካለው ቧንቧ ሆነ። እዛ ሁሌ ጥሩ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ መሰለሽ? በጀቱ ከተቆረጠ በኋላ ሪፖርታችን ተሻሻለ። አለቆች አመሰገኑን።

ቀበቶ አጥባቂው፦

ይቅርታ ግን ይሄ የሐቀኝነት ችግር ነው፣ የበጀት አይደለም። 0.5 ብሎ የሚፈጥር ሰው በጀቱን እጥፍ ብታደርጉለትም ይፈጥራል። እኔ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለውሃ ተብሎ የወጣ ገንዘብ ስንቱ በስብሰባና በአበል እንደሚያልቅ አይቻለሁ። ቅነሳ በመጣ ቁጥር "ሰው ሊያልቅ ነው" ማለት ትንሽ ይበዛል። አንዳንዱ ወጪ በእርግጥ ብክነት ነው፣ ይቆረጥ።

ደብተር፦

ቀበቶ አጥባቂው ያነሳው ነጥብ የሚናቅ አይደለም። ግን ይቺው ክርክር አንድ አገር ውስጥ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞላት፣ ምስክር ተሰምቶባት ያውቃል።

ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ ዎከርተን የምትባል 5,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 2000 ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ከእርሻ ላይ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት የሌለው አንድ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ኢ. ኮላይ የሚባል ጀርም ገባ። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,000 በላይ ታመመ። ከከተማዋ ግማሽ የሚጠጋው ማለት ነው።

የውሃው ሠራተኞች ለዓመታት የክሎሪን መዝገቡን ከራሳቸው እየፈጠሩ ይሞሉ ነበር። ልክ እንደዛች 0.5። እስከዚህ ድረስ ቀበቶ አጥባቂው አሸነፈ። ግን አጣሪው ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር እዚያ ላይ አላቆሙም። የግዛቱ መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩን በጀትና ሠራተኛ ክፉኛ ቆርጦት ነበር። በ1996 የመንግሥት ላቦራቶሪዎች የከተሞችን ውሃ መመርመር አቆሙ፣ ሥራው ለግል ላቦራቶሪዎች ተተወ። ሥራው ሲተላለፍ "መጥፎ ውጤት ካገኛችሁ ለጤና ባለሥልጣኑ አሳውቁ" የሚል ግዴታ አብሮ አልተላለፈም። እንግዲህ እዩት። ላቦራቶሪው ጀርሙን አገኘው። በፋክስ ላከው። ለማን? ለእነዚያው መዝገብ ለሚፈጥሩት ሰዎች። እነሱ ደበቁት፤ የጤና ቢሮው ሰው ሲያምበት ጊዜ ደውሎ ሲጠይቅ እንኳ "ውሃችን ደህና ነው" አሉት። ሕዝቡ በነዚያ ቀናት መጠጣቱን ቀጠለ።

የዳኛው መደምደሚያ ሁለቱንም ይዟል። ሠራተኞቹ አጥፍተዋል፣ ቅነሳው ደግሞ ጥፋታቸውን ቀድሞ ሊያይ ይችል የነበረውን ተቆጣጣሪ አዳክሞታል። ሰነፍና ዋሾማ የትም አለ። ተቆጣጣሪ የሚቀጠረው ለዚያ አይደል እንዴ?

ጠብታ፦

ፋክሱ ጋ ስደርስ ሰውነቴን ነዘረኝ። እሺ አንድ የዋህ ጥያቄ፤ ሰው ካላመነ ለምን አፍልቶ አይጠጣም? አያልቅም ነገሩ?

ቫልቭ፦

ጀርም ከሆነ አዎ፣ በደንብ ከተንፈቀፈቀ ያልቅለታል። ከብረት የመጣ መርዝ ከሆነ ግን ማፍላት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ውሃው ይተንና እርሳሱ እዛው ይቀራል፣ ይወፍራል። እርሳስ ስል ብረቱን ነው።

ፍሊንትን ያስታወሰ አለ? አሜሪካ፣ ሚሺጋን። ከተማው ዕዳ ውስጥ ነበር፣ ግዛቱ የሾመው አስተዳዳሪ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል በኤፕሪል 2014 የውሃውን ምንጭ ወደ ፍሊንት ወንዝ አዞረው። የወንዙ ውሃ ቧንቧ ይበላል። እንዳይበላ የሚጨመር ኬሚካል አለ፣ በቀን 100 ዶላር ገደማ ቢፈጅ ነው ተብሎ ተገምቷል። አልጨመሩም። ከድሮዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች መርዙ እየተፋቀ ልጆች ኩባያ ውስጥ ገባ። በኋላ ለተጎጂዎች የተስማሙበት ካሳ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አሁን ይሄንን ቁጠባ ነው የሚሉት።

እኔ ግን የጥገና ሰው ነኝ፣ የማውቀው ግፊት ነው። ነዳጅና መብራት ለመቆጠብ ፓምፕ የሚሠራበት ሰዓት ሲቀነስ ቧንቧው ግማሽ ቀን ባዶ ይሆናል። ሙሉ ሳለ በስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ያ ብክነት ነው፣ ግን አይገድልም። ባዶ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ውጭ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ቆፍረን ያወጣነው ቧንቧ ላይ ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ዙሪያዋ ያለው ጭቃ ጥቁር፣ ሽታውን አልነግራችሁም፤ የፍሳሽ መስመሩ ከክንድ ባነሰ ርቀት ጎን ለጎን ነበር የሚሄደው። ያቺ ስንጥቅ "ይጠገን" ከተባለች አራት ዓመት አልፏት ነበር። በየዓመቱ ዝርዝሩ ላይ አለች፣ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። በመጨረሻ ስንጠግናት ግማሽ ቀን አልፈጀችብንም።

ደብተር፦

ቫልቭ ባለው ላይ አንዲት ልጨምር። ሐራሬ፣ የዚምባብዌ ዋና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. 2008። እዛ የበጀት ቅነሳ ብቻ አልነበረም፣ ኢኮኖሚው ራሱ ነው የወደቀው፣ ስለዚህ እኩል ላወዳድር አልልም። ግን ሰንሰለቱ ያው ነው። የውሃ ማከሚያ ኬሚካል መግዣ ጠፋ፣ ፍሳሽ የሚጠግን ጠፋ፣ በዲሴምበር ለከተማው ውሃ እስከማቆም ተደረሰ። ዚምባብዌ ውስጥ በዚያ ወረርሽኝ 100,000 የሚጠጋ ሰው በኮሌራ ታመመ፣ ከ4,000 በላይ ሞተ። ኮሌራ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ፣ በጨውና በስኳር የሚድን በሽታ ነው።

ማታ ፈረቃ፦

ቧንቧው ሌላ ጫፍ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፣ የልጆች ክፍል።

አንድ ሌሊት አምስት ልጅ ገባ። ሁሉም ተቅማጥ፣ ሁሉም ዓይናቸው ገብቷል፣ የአንዷን ሆድ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቆዳው ቶሎ አልመለስ አለ። ኦ.አር.ኤስ.፣ ያንኑ የውሃ፣ የጨውና የስኳር ውህድ፣ በማንኪያ በማንኪያ ስንሰጥ አደርን። ጠዋት ላይ እናቶቹ ሲያወሩ ሦስቱ ጎረቤታሞች መሆናቸው ታወቀ። በወሬ ነው የታወቀው! ቀድሞ በየሳምንቱ ቅጾቹን የሚደምር፣ "ከዚህ ሰፈር በዛ እኮ" ብሎ ስልክ የሚያነሳ አንድ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ነበረን። አንድ ሰው። መደቡ ታጠፈ። ቅጹን አሁንም እንሞላለን፣ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ካርቶኑ ሲሞላ ሌላ ካርቶን ይመጣል።

ይሄ የድሃ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል፣ ክሎሪን የማይበግረው ጀርም በማጣሪያ አልፎ 400,000 ሰው ያህል ሲያሳምም፣ ነገር እንዳለ ቀድመው ካሳወቁት ምልክቶች አንዱ ፋርማሲዎች ውስጥ የተቅማጥ መድኃኒት ማለቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ምልክት ሰብስቦ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው ቧንቧው ጋ የሚደረሰው። ያ ሰው ሲቀነስ እኛ አንድ በአንድ ስናክም እንከርማለን፣ ልጁ ድኖ ይሄዳል፣ እዛው ውሃ ጋ ይመለሳል።

ቀበቶ አጥባቂው፦

እሺ። ነርሷ ያለችው ነገር ልቤን ነካው፣ አልዋሽም።

ከሒሳብ ወገን ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ምናልባት ለጠብታ ይጠቅማታል። ቅነሳ ሲወሰን በጠረጴዛው ላይ ያለው የአንድ መሥሪያ ቤት ደብተር ነው። የውሃው ቢሮ ይሄን ያህል ቆጠበ ይባላል፣ ይጨበጨባል። የታመመው ሰው ወጪ ሌላ ሚኒስቴር ደብተር ላይ፣ ሌላ ዓመት ላይ ነው የሚመጣው። አብዛኛው ደግሞ የማንም ደብተር ላይ አይመጣም፣ እናትየው ከሥራ ቀርታ ከኪሷ ትከፍለዋለች። ሁለቱን የሚደምር ሰው አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምት ለውሃና ንጽህና የወጣ 1 ዶላር 4.3 ዶላር ይመልሳል። እኔ እንዲህ ዓይነት የተጠጋጋ ሒሳብ ላይ እምነቴ ቀጭን ነው፤ ግን ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ከብዙ ኢንቨስትመንት ይሻላል።

አቋሜ ያው ነው፤ ብክነት ይቆረጥ። ነገር ግን በጅምላ "ሁሉም 10 በመቶ ይቀንስ" ተብሎ ሲወርድ የሚቆረጠው ብክነቱ አይደለም። ስብሰባው ባለቤት አለው፣ ይሟገትለታል። ለክኒኗ ማን ይሟገታል? ይሄን ዛሬ እዚህ ነው ያሰብኩት።

ጠብታ፦

እናንተ ሰዎች እንቅልፍ አሳጣችሁኝ። ናሙና ያዥ፣ አንድ ተራ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ? ሄጄ "ውሃው ንጹህ ነው?" ብል "አዎ" ከማለት ውጪ ምን ይሉኛል?

ናሙና ያዥ፦

እሱን አትጠይቂ። መዝገቡን ጠይቂ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የቀሪ ክሎሪን ውጤት ማየት እፈልጋለሁ በይ። ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጠርጥሪ። ቁጥሩ ብቻ እንዳያታልልሽ ግን፤ ናሙናው የት ነው የተቀዳው የሚለውን ዓምድ እዪ። በደግ ቋንቋ ጠይቂ፣ እዛ ያለው ልጅ ጥፋቱ የሱ ላይሆን ይችላል።

ጠብታ፦ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ሰጡኝ። አራት ገጽ ነው።

ቁጥሮቹ ይለያያሉ። 0.6፣ 0.4፣ 0.7፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እፎይ ብዬ ለጓደኛዬ ልደውልለትና "አሸነፍከኝ" ልለው ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዛ የቦታውን ዓምድ አየሁ። ከላይ እስከ ታች፣ አራቱም ገጽ ላይ፣ "የጣቢያው ግቢ" ይላል። ሌላ ቦታ የለም።

ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ከትናንት ወዲያ አይቶታል። እስካሁን መልስ የለም።

ናሙና ያዥ፦

ነዳጅ የላቸውም ማለት ነው።